የፒካፑ አጎዛ

ሾፌር ስላዘዘኝ ብቻ ካምቢዮ አላወርድም። ጋሸና ላይ ጋራዥ በነበረኝ ጊዜ አንዱ ፒካፑን እያስጮኸ መጣና፣ «ማርሽ አልገባ ብሎኛል፤ ካምቢዮው አልቋል። በላሊበላ ይዤሃለሁ፣ ቶሎ አውርደው!» አለኝ። ከጎኑ ለንግሥ ወደ ነአኩቶ ለአብ የሚሄዱ ቄስ ተቀምጠዋል። «መጀመሪያ ሞተሩን አጥፋና ማርሽ አስገባ» አልኩት። ሰተት ብሎ ገባ። «አየህ? ካምቢዮህ ጤነኛ ነው። ፍሪሲዮኑ ነው አለቅ ያለው።» የፍሪሲዮኑን ዘይት አየሁ፤ ሙሉ ነው። ጎንበስ አልኩና፣ «እስቲ ፍሪሲዮኑን ርገጠው» አልኩት። ፔዳሉ ግማሽ ድረስ ወርዶ ቀጥ አለ። እጄን ከሥሩ ሰድጄ ብጎትት፣ የተጠቀለለ የበግ አጎዛ!

«የላስታን ብርድ ታውቀው የለ? ለእግሬ አንጥፌው ነው» አለ፣ ፊቱን እያዞረ። ሞተሩን አስነስቶ ሲሞክረው ማርሹ ድምፅ ሳያሰማ ገባ። እኔ ስስቅ ቄሱ አጎዛውን ከእጄ ተቀበሉና አራገፉት። «አንተ ልጅ፣ እኔ የሰጠሁህ ለመቀመጫ ነበር» አሉት። ከዚያ በራሳቸው መቀመጫ ላይ አንጥፈው ተደላደሉበትና፣ «በል ንዳ። እኔ እንደሆን ፍሪሲዮን አልረግጥም» አሉት።