ለተዝካር የተቀመጠ ገብስ

ጉሙ ከአሸተን ማርያም ተራራ ወርዶ መንገዱን በዋጠበት ጠዋት፣ እማማ አመተ ጊዮርጊስ የበቅሎ ቃጭል የሰሙ መሰላቸውና ቆም አሉ። የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዋ ዘሀራ ነበረች፤ የውሃ ጣሳዋ ክዳን እየተንኳኳ ዳገቱን ትወጣለች።

«እንደምን አደሩ እማማ? ምነው ፈዘዙ?»

«የውባንተ በቅሎ መስላኝ ነው፣ የኔ ልጅ።»

በቅሎዋ ግን አትመጣም። ጎረቤታቸው ውባንተ ለዘር ገብስ ሲበደራቸው ያስያዘው እሷን ነበር፤ ሠርቶባት ይክፈል ብለው ከእጁ ተዉለት። እሱ ኮንትሮባንድ ቡና ጭኖባት ኬላ ላይ ተያዘ፤ በቅሎዋም ተወረሰች። ገብሱ ደግሞ ለሟች ባላቸው ለመሪጌታ ገብረመስቀል ተዝካር የተቀመጠ ነበር። መሪጌታ በሕልማቸው ይመጣሉ፤ ባዶ ዋንጫ ይዘው ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ።

«ቡና መጫኑን ያውቁ ነበር?» አለች ዘሀራ።

«በእመብርሃን! ባውቅማ እደጄ አስሬ አስቀራት ነበር።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የሱ፣ መያዣው የእርስዎ ነው። ፍርድ ቤት ያመልክቱ።»

«ሂጂ ወዲያ! መንግሥት የወሰደውን ማን ደፍሮ ይጠይቃል?»

«እርስዎ ነዎት። ወላሂ፣ ዝም ካሉማ የውባንተ ብቻ ነበረች ብለው ይዘጉታል። ሲያስይዝ ማን ነበር?»

እማማ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «ማንም። እንዳያፍር ብዬ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተነጋገርን። እኛ ዘንድ ደግ ሰው ሲያበድር አይሰማም።»

«ደግነትዎ ነዋ መብትዎን የደበቀብዎ! ምስክር ማቆም ሰው ማዋረድ አይደለም፣ እማማ። አሁን የሚያውቀው ውባንተ ብቻ ነው፤ ይጥሩት።»

«አፍሮ ይሸሸኛል።»

«ቢሸሽም ጉሙ እስኪገለጥ ነዋ! ከዚያ የት ይደበቃል?»

እማማ ሳያስቡት ሳቁ።

እማማ ፍርድ ቤት አመለከቱ፤ ውባንተም አልሸሸም። ዳኛው ፊት አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን ግን ከፍ አድርጎ፣ «በቅሎዋ የእማማ መያዣ ናት። ቡናውን የጫንኩት እኔ፤ እሳቸው አልሰሙም» አለ። ዳኛውም በቅሎዋ ተሸጣ አስቀድሞ የእማማ ገብስ እንዲተካ፣ የተረፈው ለመንግሥት እንዲሆን ፈረደ።

መያዣ በምስክር ፊት ሲያዝ የሚጠቀመው አበዳሪው ብቻ አይደለም። ተበዳሪውም ንብረቱ የሌላ ሰው መተማመኛ መሆኑን አገር እንደሚያውቅ ሲያስብ ለጥፋት አያሰማራውም። ክፉ ቀን ቢመጣም ዳኛ ንጹሑን ከጥፋተኛው ይለያል።

በተዝካሩ ዕለት መሪጌታ በሕልም በሚቀመጡበት ደጃፍ ላይ አንድ ሰው የሞላ ዋንጫ ይዞ ተቀምጧል። እማማ ባላቸው መስለዋቸው ጠጋ አሉ። ጥሩሰው የሚባል ሌላ ጎረቤታቸው ነው።

«እማማ» አለ በሹክሹክታ፣ «ለዘር የምትሆን ገብስ... እስቲ ወደ ጓሮ ብቅ ይበሉልኝ።»

«እዚሁ ንገረኝ» አሉ እማማ፣ አጠገቡ እየተቀመጡ። «ጮክ ብለህ፤ ሰው ይስማን።»