ሳይቀመስ የሚጋገር ብስኩት፤ የወይዘሮ ዘነቡ መሳፍንት ዜና ሕይወት

ክቡራን ካህናት፣ ከቅርብም ከሩቅም ለቅሶ የደረሳችሁልን ወገኖቻችን፤ ወይዘሮ ዘነቡ ሲመሰገኑ እንኳ የአመስጋኙን ስሕተት ሳያርሙ የማያልፉ ሰው ነበሩና፣ እሳቸው ሳይሰሙት በተጻፈው በዚህ ታሪክ ጉድለት ብታገኙ ይቅር በሉን።

ወይዘሮ ዘነቡ ከአባታቸው ከአቶ መሳፍንት ሸዋንዳኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ አያልነሽ በ1951 ዓ.ም. በመንዝ፣ ዘመሮ አጠገብ ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው ደብረ ብርሃን አክስታቸው ዘንድ ከገቡ በኋላ፣ በአንድ ኬክ ቤት ተቀጥረው ሲሠሩ፣ ከላዩ ፍርፋሪ የሚነሰነስበትን ለስላሳ የቀረፋ ብስኩት አጋገር ለመዱ። በ1974 ዓ.ም. ከበግ ነጋዴው ከአቶ ተገኘ ጋር ተጋብተው መሐል ሜዳ ሲገቡ ይዘውት የመጡት ሀብት ይኸው ሙያ ነበር። የኬክ ቤቱ ምድጃ በሌለበት፣ ሊጡን በብረት ድስት ደርድረው፣ ዱቄት፣ ስኳርና ቅቤ በጣታቸው አሽተው ፍርፋሪውን ከላይ ነስንሰው፣ የኩበቱ ጢስ እንዳይገባ የክዳኑን ዙሪያ በሊጥ መርገው፣ ፍም ከላይም ከታችም አድርገው ያበስሉት ነበር። ልጃቸው በኃይሉ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዝቶ ቢያመጣላቸው አመስግነው ተቀበሉና የሳህን ማስቀመጫ አደረጉት።

የበኃይሉ ባለቤት ጽናት ትምህርቷን ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጣ ወደዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ፣ ይህን ብስኩት ለመልመድ ያልደከመችው ድካም የለም። ልኩን ስትጠይቃቸው እጅሽ ይነግርሻል ይሏታል፤ እጇ የነገራትን ስታደርግ ደግሞ ይህን እጅ ከየት አመጣሽው ይሏታል። ከሁሉ የሚያስመርረው ግን፣ ብስኩቱ ቅቤና እንቁላል ያለበት ሆኖ ሳለ፣ የሚጋገረው ለፋሲካ፣ ያውም ቤተሰቡ ሁሉ ጾመኛ በሆነበት በቀዳም ሥዑር ቀን መሆኑ ነው። መቅመስ ይቅርና ጠጋ ብሎ ማሽተትን እንኳ በአፍንጫ መግደፍ ይሉት ነበር። በዚህ የተነሣ አንድ ዓመት፣ የስኳሩን ጣሳ ራሳቸው አዛውረውት ኖሮ፣ ፍርፋሪው በጨው ታሽቶ ወጣ፤ ከቅዳሴ የተመለሰው እንግዳ ሁሉ በአፉ እንደያዘ እርስ በርሱ ሲተያይ፣ እሳቸው ሳይደነግጡ ለጠላ የተሠራ ነው ብለው አሳለፉት። ጎረቤታቸው አቶ አፈወርቅ እስከ ዘንድሮ ድረስ በየፋሲካው ያንን የጠላ ብስኩት ሲጠይቁ ኖረዋል።

በዘንድሮው ዐቢይ ጾም የልብ ሕመማቸው ጸንቶ አልጋ ሲይዙ፣ ሐኪሙ ወተትና እንቁላል አዘዘላቸው፤ የንስሐ አባታቸው መምሬ አትናቴዎስም ለበሽተኛ የተፈቀደ ነው ብለው ጾሙን ፈቱላቸው። እሳቸው ግን ሐኪሙን አልሰሙ፣ መምሬንም እርስዎ ገና ልጅ ነዎት ብለው መለሷቸው። ጽናት የአጃ አጥሚቱን እያሞቀች፣ ሲቀዘቅዝም መልሳ እያሞቀች፣ ሰውነታቸው ሲመነምን እያየች፣ ለፋሲካ ሳይደርሱ ይቀሩብኝ ይሆን በሚል ሥጋት ሰነበተች። ቀዳም ሥዑር ሲደርስ፣ እህል እንቢ ያለው አፋቸው ትእዛዝ ግን አላነሰውም፤ ከአልጋቸው ሆነው ፍሙ በዛ፣ ቅቤው ቀለጠ፣ ክዳኑን ማን ነካው ሲሉ ዋሉ። ጽናት እንደታዘዘችው ጋገረች፤ ድስቱን ስታወርድ ግን ከወትሮው ጠንከር ያለ ድምፅ ተሰምቷል።

ሌሊት ቤተሰቡ ከቅዳሴ ሲመለስ ጽናት አንዱን ብስኩት በሳህን ለወይዘሮ ዘነቡ አቀረበችላቸው። ቆረሱ፤ ቀስ ብለው አኝከው ጨረሱት።

“ፍርፋሪው በዝቷል” አሉ።

ጽናት አንገቷን ደፋች። እሳቸውም ባዶውን ሳህን ዘረጉላትና፣ “እስቲ ሌላኛውም እንደዚሁ እንደሆነ ልየው” አሏት።

ከዚያ ወዲህ የቀረበላቸውን ሁሉ፣ እያረሙም ቢሆን፣ መብላት ጀምረው ነበር፤ ይሁን እንጂ የደከመው ልባቸው ሊያገግም ባለመቻሉ ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸው አቶ ተገኘ፣ ልጆቻቸው በኃይሉ፣ ማዕረግና የምሥራች፣ ምራታቸው ጽናትና የልጅ ልጃቸው ቃለአብ ከኋላቸው ቀርተዋል።

አርባቸው በሐዋርያት ጾም ስለሚውል ብስኩቱ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል፣ በዘይት ይጋገራል። እንደማይወዱት እናውቃለን፤ ነገር ግን የጾም ነውና፣ ከቅዳሴ በኋላ ለእንግዳ ሳይወጣ አስቀድሞ ይቀመሳል፤ የምትቀምሰውም ጽናት ናት።

አምላከ ቅዱሳን፣ የሚያርሙት ነገር በማይገኝበት ስፍራ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን። አሜን።