በየኔታ ጫማ ውስጥ የነበረችው ጠጠር

ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ።

ድምፁን የሰማሁት ሰውየውን ከማየቴ በፊት ነው። ከአሸተን ማርያም ቤተ ክርስቲያን በሚወርደው መንገድ ዳር እንደ ልማዴ ብቻዬን ተቀምጬ፣ ከታች የሚንሳፈፈውን ደመና እያየሁ ነበር። ቋጥኙን ዞረው ብቅ ያሉት መሪጌታ ከፋለ ናቸው፤ ከኋላቸው ጓደኛቸው አቶ ጋሻዬ። ሁለቱም ስኳር እንዳለባቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

እጅ ነሥቼ፣ «የኔታ፣ ጫማዎ ውስጥ የሚንቀጫቀጭ ነገር አለ» አልኋቸው።

«ምንም የለም። ቢኖር አያመኝም ነበር?»

አቶ ጋሻዬ ሳቁ። «ይኸ ልጅ ከደመና ጋር ሲያወራ ከርሞ፣ አሁን ደግሞ ከጫማ ጋር ጀመረው!»

የኔታ ሊያሳፍሩኝ ብለው ተቀመጡና የላስቲክ ጫማቸውን ገለበጡት። ሽምብራ የምታህል ሹል ጠጠር ወደቀች። ውስጥ እግራቸው ላይ ቦታዋ ቀልቶ ጎድጉዷል። ጫማ ከሚወለቅበት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጀምሮ ይህን ሁሉ ቁልቁለት ረግጠዋት ወርደዋል።

«ካላመመችኝ ምን አጠፋች?» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ቀነሰ።

«የኔታ፣ አለማመሙ ነው ሕመሙ። ስኳር የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል። አባቴንም አላመመውም ነበር። ከጣቱ ሥር የወጣችውን ቁስል እናቴ በጠረኗ ነው ያወቀቻት። ስታውቅ ግን ጊዜው አልፎ ነበር፤ እግሩ ተቆረጠ።»

የጎደጎደውን ቦታ በጣታቸው ሲነኩ ቀጠልሁ። «ሰሞኑን ጤና ጣቢያው ውስጥ ምንጣፍ የመሰለ መሣሪያ መጥቷል። ሲቆሙበት የትኛው የእግር ክፍል አብዝቶ እንደሚጫን ያሳያል።»

«እግር ደግሞ እንደ ገብስ ይመዘናል?» አሉ አቶ ጋሻዬ።

«ዝም በል አንተ!» የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። «ምሥጋናው ልጄ፣ እውነቱን ልንገርህ። ማኅሌት አትቁም ያሉኝ እንደሆነስ? አርባ ዓመት ቆሜያለሁ። አሁን ምን ልሁን?»

«እግሩ ከሄደስ የኔታ፣ በምን ይቆማሉ?»

ጠጠሯን ከመሬት አንሥተው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት። እኔም ድፍረቴ ገረመኝ። ሕመምን ፍሩ የሚል መካሪ ሞልቷል፤ የሕመምን አለመኖር ፍሩ ያለን ግን ማን አለ? ስለዚህ ሽማግሎቻችንን አላዋቂ እያልን መንቀፍ አይገባንም፤ ክንዳቸውን ይዘን ማድረስ ነው።

ይዤያቸው ወረድሁ። አቶ ጋሻዬ ግን «እኔ ደህና ነኝ» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ነርሷ ሲስተር ሰብሌ፣ «የኔታ፣ ልክ ማኅሌት እንደሚቆሙት ይቁሙልኝ» አለቻቸው። መቋሚያቸውን በቀኝ ብብታቸው ይዘው ቆሙ። ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት እግሮች ተሳሉ፤ ግራው አረንጓዴ፣ ቀኙ ግን ከአውራ ጣቱ ሥር እንደ ፍም የቀላ።

«አዩ? ይህን ሁሉ ዓመት የቆሙት በአንድ እግርዎ ነው። ቁስል የሚያሰጋው እዚህ ላይ ነው። ቆዳው ገና አልተከፈተም፤ ደርሰንበታል።»

«ማኅሌቱስ?»

«ይቆማሉ እንጂ! ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ወፍራም ካልሲ ያድርጉ፤ መቋሚያውን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ፤ መሐል ላይ አረፍ። ለጫማዎ ቀዩን ቦታ የሚያሳርፍ ለስላሳ ንጣፍ እንሠራለታለን። ጫማ ከማጥለቅዎ በፊት ውስጡን በእጅዎ ይዳብሱ፤ እግርዎን በየቀኑ በመስታወት ይዩ።»

የኔታ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እኔ እኮ ልትከለክሉኝ ነው ብዬ…»

በወሩ፣ በማርያም ዕለት፣ ሦስታችንም እዚያው ቋጥኝ ሥር ተገናኘን። የኔታ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ጠጠሯን አሳዩኝ።

«አልጣልኋትም። እግሬን ያተረፈችልኝ እሷ፣ እሷን የሰማህልኝ ደግሞ አንተ። ዛሬም ከጓደኞቼ ጋር ቆሜ አመሰገንሁ። ለልጆቼም ሸክም አልሆንሁ። እግዚአብሔር ይስጥልህ፤ ያቺን የጤና ጣቢያዋንም ልጅ ይባርካት።»

አቶ ጋሻዬ ይህን ጊዜ አልሳቁም። ጫማቸውን አወለቁ። ውስጥ እግራቸውን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት፤ አጥብቀው ደግመው ጫን አሉት፤ ያመማቸው አይመስልም። ከዚያ ጫማቸውን በእጃቸው ዳብሰው አጠለቁና ተነሡ።

የቤታቸውን መንገድ ትተው ወደ ጤና ጣቢያው በሚወስደው ቁልቁል ወረዱ።

«አንተ ጋሻዬ! ወዴት ነው?» አሉ የኔታ።

ዞረውም አላዩን።