እንኳን በረዶ፣ ድንጋይ ይፈጫል

ክቡራትና ክቡራን ልበላችሁ ዛሬ፤ ሌላ ጊዜማ «እናንተ ልጆች» ነበር የምላችሁ። ሥራ አስኪያጃችን፣ ለእኔ ሲሉ ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ስለዘጉ እግዜር ይስጥልኝ። ደንበኛ ደጅ ቆሞ እያዩ ዝም ሲሉ ያየሁዎት ዛሬ ገና ነው።

«ጡረታሽ ሁለት ዓመት ሲቀረው ምን አስቸኮለሽ?» ብላችሁኝ ነበር። ሳልመልስላችሁ ብሄድ ይቆጨኛል።

ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ብሌንደር ሸጫለሁ። «በረዶ ይፈጫል ወይ?» ላለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነበር። እስቲ በሉት! አዎ፣ «እንኳን በረዶ፣ ድንጋይ ይፈጫል!» እትዬ ድንጋይ ያላችሁኝም በዚሁ አይደል? ታዲያ አንድም ቀን በረዶ ጨምሬ ሞክሬ አላውቅም። ምን አለፋኝ? ሰው ያምነኝ ነበራ።

ባለቤቴ ጉሮሮውን ሲታመም ውሃ እንኳን አልወርድ አለው። ሐኪሟ «የላመ በረዶ በማንኪያ አቅምሺው፤ ጓል እንዳይኖረው» አለችኝ። ከዚሁ መደርደሪያ የሚያብረቀርቀውን ብሌንደር መርጬ ቤት ይዤ ገባሁ። ተንጓጓ፣ ጨሰ፣ በረዶው እንዳለ! ባለቤቴ ከአልጋው ሆኖ በዚያ በተዘጋ ድምፁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ድንጋዩንስ ሞከርሽው?» ሳቅን። ከዚያ ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ያቺ እሑድ ጠዋት ትዝ ትላችኋለች? ጉዴን ሰምታችሁ የእረፍት ቀናችሁን ትታችሁ መጣችሁልኝ። ካሸሯ በረዶ በፔርሙስ ተሸክማ። ሰባት ዓይነት ብሌንደር ደረደርን። አንዱ በረዶውን ውሃ አደረገው፣ አንዱ ጓሉን እንደያዘ ቀረ፣ አንዱ ክዳኑን ጣሪያ ድረስ ሰደደው። በመጨረሻ የመጋዘኑ ጋሼ ያንን ከባዱን፣ አስቀያሚውን ከደረጃ ሥር አወጡ። «ይሄ ከፊት አይቀመጥ፣ ገበያ ያባርራል» ብዬ እዚያ ያስጣልኩት እኔው ነኝ። ጋሼም «ውሃ ጠብ አድርጊበት፤ ከዚያ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ» አሉኝ። በረዶው እንደ ዱቄት ላመ። ስንጮኽ ዘበኛው ሌባ የያዝን መስሎት ሮጦ መጣ።

እሱን ቤት ወስጄ ባለቤቴን አሥራ ዘጠኝ ቀን በማንኪያ በማንኪያ አቀመስኩት። «ይሄኛው የእውነት ነው» ይለኝ ነበር።

በሃያኛው ቀን ጠዋት በረዶ አማረኝ አለኝ። ማድቤት ገባሁ። ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ። ብርጭቆውን ይዤ ስመለስ አልፏል። ጠርቶኝ ይሆን? አላውቅም። ማሽኑ ይጮህ ነበር፤ አልሰማሁም።

ይኸው ነው ምክንያቴ። ደንበኛ «እስቲ ይሞከርልኝ» ሲል፣ አንዳችሁ ቁልፉን በተጫናችሁ ቁጥር፣ እዚህ ቆሜ ጆሮዬን እጥላለሁ። የሚጠራኝ የለም። አልቻልኩም ልጆች።

ያንን አስቀያሚ ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፤ እዚያ ካርቶን ውስጥ ነው። ከፊት አስቀምጡት። «በረዶ ይፈጫል ወይ?» የሚላችሁ ሰው ሲመጣ በረዶ ጨምራችሁ አሳዩት። ለጁስ ይሁን ለምን እንደሚፈልገው አታውቁም።

በሉ እንግዲህ። ትዳራችሁ ይሙቅ፣ ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፣ የነገ እንጀራችሁ ይስፋ። ጋሼ፣ ጉልበትዎን ያበርታልዎ። ስትጠሩ የሚሰማችሁ አትጡ። ሲጠሯችሁም የምትሰሙ ያድርጋችሁ።

አሜን በሉ እስቲ። ጮክ ብላችሁ፤ እንድሰማው።