አስራ ሁለቱ ደቂቃ የእኔ ነው

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ ባልደረቦቼ፣

ይህን ዝግጅት ላሰናዳችሁ፣ ሥራችሁን ትታችሁም ለመጣችሁ ሁሉ አመሰግናለሁ። ማይኩ እስካሁን ሁለት ጊዜ ተቋርጧል። የስልክ ድርጅት ነንና አይግረማችሁ። ሦስተኛ ከተቋረጠ እጮሃለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ስጮህ ነው የኖርኩት።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ ስለ እኔ ብዙ ጥሩ ነገር ተናግረዋል። ከሁሉ አስበልጠው ያነሱት መግቢያው ላይ የተሰቀለውን የምስክር ወረቀት ነው። ኔትወርክ ተቋርጦ ሲመለስ የደንበኛው ስልክ የሚጠብቀውን ጊዜ ከአስራ ሁለት ደቂቃ ወደ ግማሽ ደቂቃ አወረደ አሉ። እውነት ነው፣ ወርዷል። ያወረድኩት ግን እኔ አይደለሁም። እንዲያውም የከለከልኩት እኔ ነኝ።

ከሰው ሀብትና ከሕግ ክፍል የመጣችሁ እንዲገባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ የኔትወርክ ጣቢያ ጠፍቶ ሲነሳ አንቴናው ይቀድማል። ከማዕከል ጋር የሚያገናኘው መስመር አንድ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በዚያች ደቂቃ ስልካችሁ አንቴናውን ያይና «አስገቡኝ» ይላል። የሚያስገባው የለም። አምስት ጊዜ ይሞክራል። አምስቴ ከተመለሰ ይተወውና አስራ ሁለት ደቂቃ ቁጭ ይላል። መስመሩ ወዲያው ቢስተካከልም አያውቅም። አስራ ሁለትን የመረጠው የመሣሪያው ፋብሪካ ነው። መለወጥ ግን የእኛ ሥልጣን ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት የሲስተም ኢንጂነራችን፣ ያቻት መስኮቱ ሥር፣ አንድ ወረቀት ይዛ ቢሮዬ ገባች።

«ጋሼ፣ ይህን አስራ ሁለት ማነው የተወው?»

«ፋብሪካው።»

«ያስቀመጠውማ ፋብሪካው ነው። የተወውን ነው የጠየቅኩት።»

ምላሷን ታውቁታላችሁ። ሁሉም ስልክ ባንዴ ከመጣ ማዕከሉን ይጥለዋል አልኳት። «ባንዴ ለምን ይመጣሉ?» አለች። «አንዱ አምስት ሴኮንድ ይጠብቅ፣ አንዱ አስር፣ አንዱ ሃያ። እንበትናቸው።» መልስ የሌለው አለቃ ምን ያደርጋል? ወረቀቷ ላይ «የሚሠራ ነገር አይነካካ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

በዓመቱ፣ አንድ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአስር ላይ፣ ከድንጋይ ካባው በላይ ያለው ጣቢያ ጠፋ። ሁለት ቴክኒሻኖቻችን እዚያ ነበሩ። አንዱ ሳቂታው ነው። አዲሶች አታውቁትም፤ ደረጃ ላይ ሳይታይ ሳቁ ይሰማ ነበር። ሌላው ሽቦ ነው፣ በቅጥነቱ ያወጣንለት ስም። የጣቢያውን ባትሪዎች ፈትተው ሊቀይሩ ነበር። ጣቢያው እስከዚያ በጄኔሬተር ብቻ ይሠራል። ሾፌሩ የጎደለ ኬብል ሊያመጣ ወደ ከተማ ወርዷል።

የጄኔሬተሩ ማራገቢያ ተሰበረ፣ ጄኔሬተሩም ቆመ። ስባሪው የሳቂታውን ጭን ቆረጠው።

ሽቦ ቀበቶውን ፈትቶ ጭኑን አሰረ። ከዚያ ስልኩን አየ፤ ኔትወርክ የለም። ለምን እንደሌለ ገባው። አሮጌዎቹን ባትሪዎች መልሶ አሰራቸውና ጣቢያውን አስነሳ። እጁ በደም እየሟለጨ ይህን በአራት ደቂቃ ጨረሰ። እዚህ ካለነው ስንቶቻችን እንችለው ነበር?

እኔ መቆጣጠሪያ ክፍል ነበርኩ። ቀዩ መብራት አረንጓዴ ሆነ። «ተነሳ» አልኩና ወደ ሌላ ሥራዬ ዞርኩ።

ሽቦ ሾፌሩን ለመጥራት ሞከረ። «አገልግሎት የለም» ይላል። አንቴናው ከራሱ በላይ ነው፣ ራሱ ነው ያስነሳው፣ ስልኩ ግን አምስቴ ተመልሶ ተቀምጧል። አጥፍቶ ቢያበራው ወዲያው ይገባ ነበር። እኛ ቢሮ ውስጥ ያለነው ሁላችንም ሁልጊዜ የምናደርገው ይህንኑ ነው። የመስክ ሠራተኛ ግን በሥራ ላይ ስልኩን እንዳያጠፋ፣ አገልግሎት ቢጠፋም እስኪመለስ እንዲጠብቅ የሚል መመሪያ ነበረው። እኛ ስንፈልገው እንዳናጣው ነበር። መመሪያው ላይ ያለው ፊርማ የማን ይመስላችኋል?

ሽቦ መመሪያ ያከብራል። ጠበቀ።

ጥሪው የገባው ስምንት ከሃያ ሰባት ላይ ነው። ሾፌሩ መኪናውን እያበረረ ደረሰ። ሳቂታው ጤና ጣቢያው በር ላይ፣ መኪና ውስጥ አረፈ። ሐኪሙ ሽቦን «ምነው አስር ደቂቃ ብትቀድሙ?» አለው።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ እኔም አባል ሆንኩ። ጣቢያው በአራት ደቂቃ ተነስቷል፤ ጥሪው የመጣው ከአስራ ሦስት ደቂቃ በኋላ ነው። ታዲያ ሰውየው ምን ሲያደርግ ነበር? ሽቦ «ኔትወርክ የለም ይለኝ ነበር» አለ። አንዱ አባል «እኛ ጋ አረንጓዴ ነበር እኮ፣ ወንድሜ» አለው። «ሠራተኛው በመደንገጡ ጊዜ አባክኗል» ተብሎ ተጻፈ። ከመስክ ተነስቶ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደበ።

እኔ ከመፈረሜ በፊት የማዕከሉን መዝገብ አይቼ ነበር። የሽቦ ቁጥር አለ። አምስት ሙከራ፣ አምስት እምቢታ፣ ከዚያ አስራ ሁለት ደቂቃ ጸጥታ። ገባኝ። ገብቶኝ ፈረምኩ። ብናገር የመሳቢያው ወረቀት ይወጣል። ከቀብሩ በኋላ በአስራ አንደኛው ቀን የኢንጂነራችንን ወረቀት አውጥቼ አጸደቅኩት። «ለምን አሁን?» ያለኝ የለም። ከዚያ ሽልማቱ መጣ፣ እናንተም አጨበጨባችሁ።

ያለፈው እሑድ ወደ ሳቂታው ባለቤት ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ካውያውን አቁማ ሰማችኝ።

«ሽቦ በየወሩ ይመጣል» አለች። «ልጆቹን ያጫውታል። እኔን ግን ቀና ብሎ አያየኝም። አንተ ይህን እያወቅክ ሦስት ዓመት ዝም አልክ?»

«አዎ።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግልህ? ለሱ ንገረው። ሰው ባለበት ንገረው።»

ካውያዋን አንስታ ሥራዋን ቀጠለች። ተቀመጥ አላለችኝም።

ሽቦ በሩ አጠገብ ቆሟል። ዛሬ የመጣው እኔን ሊሰናበት አይደለም፤ ግምጃ ቤቱ ወንበር እንዲያቀርብ ስለታዘዘ ነው። ወንድሜ፣ እንዳትወጣ፣ አንድ ደቂቃ ስጠኝ። አንተ አልደነገጥክም። ያባከንከው ጊዜ የለም። ያ አስራ ሁለት ደቂቃ የእኔ ነው። ይቅር በለኝ አልልህም፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እንዲህ ብልህ ማስገደድ ይሆንብኛል።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ መዝገቡና በፊርማዬ የጻፍኩት ደብዳቤ ከጠዋት ጀምሮ ጠረጴዛዎ ላይ ናቸው። ደብዳቤው የኮሚቴው ውሳኔ ይታረም፣ ሽቦም ወደ ሙያው ይመለስ የሚል ነው። በእኔ ላይ የሚወሰን ነገር ካለ አድራሻዬን ጽፌያለሁ።

ማጨብጨብ አያስፈልግም። አመሰግናለሁ።

እንግዲህ ደህና ሁኑ። መስክ የወጣችሁ በጤና ተመለሱ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። በክፉ ቀን የደወላችሁለት ሰው ያንሳላችሁ። ጥፋታችሁንም ገና ወንበራችሁ ላይ ሳላችሁ ለመናገር አንደበት ይስጣችሁ። እኔ ለስንብት አቆይቼዋለሁ።