ጥርስ ላወጣ ነው

ከሰርቦ ወደ ጅማ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነን። ከፊቴ አንድ ሽማግሌና ነጭ ጋውን ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠች የጥርስ ሕክምና ተማሪ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ቁጭ ብድግ አበዙ። ወዴት ነው ጥድፊያው?»

«ጥርስ ላወጣ ነው።»

«በዚህ ዕድሜ? ጥርስ የሚያወጣ ሕፃን ነው እንጂ!»

«ሳቂ፣ አንቺ ምን አለብሽ። ሁሉም አሉሽ።»

«ይቅርታ አባባ። ጥርሱ ተበልቶ ነው?»

«ኧረ ጥርሱስ ደህና ነው። ድዴ እየደማ አስቸገረኝ።»

«መፋቂያ ይጠቀማሉ?»

«ሲደማ ጊዜ ተውኩት። የሚደማ ነገር ይነካካል እንዴ?»

«እሱ ነው ያባሰው! ቆሻሻው ሲቆይ ድዱ ይታመማል። የመፋቂያውን ጫፍ አለስልሰው ቀስ እያሉ ይፋቁ። ድዱን ከታከሙ ጥርሱ ሊተርፍ ይችላል።»

«መታከም መመላለስ ይፈልጋል፣ ልጄ። የሀብታም ይታከማል፣ የእኛ ይነቀላል።»

«ቢሆንም ከመነቀሉ በፊት ‹ይድናል ወይ?› ብለው ይጠይቁ።»

«መጠየቅ ይቻላል?»

«የራስዎ ጥርስ አይደል እንዴ!»

«ወላሂ፣ እስከ ዛሬ ‹አፍዎን ይክፈቱ› ይሉኛል እንጂ ‹ይናገሩ› ያለኝ የለም። እንግዲህ ሳልጠይቅ አፌን አልከፍትም!»

«ለመጠየቅማ ይክፈቱት እንጂ!»

እኔ ከኋላቸው፣ ሳልጠይቅ ባስነቀልኳቸው ጥርሶች፣ ጥርሴን ነከስኩ።