ሕመሙ ለቀቃት

— ሄሎ!... አዎ፣ የተማሪዎች ማደሪያ ነው... አልማዜን? እኔው ነኝ... ፈቄ! ምነው፣ በደህና ነው?... ጮክ በል፣ አይሰማም!

አልማዜ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ወደ መስኮቱ ዞረች። ዘነበወርቅ፣ ከሆስፒታሉ አጥር ጎን ባለው ኮሌጅ ፊዚዮቴራፒ መማር ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። የደከመ ጡንቻንና የደረቀ መገጣጠሚያን በእንቅስቃሴ የማዳን ሞያ ነው ብላ ብታስረዳም፣ ቤተሰቦቿ ስሙን መጥራት ሲያቅታቸው «ወጌሻዋ» ብለዋት አርፈዋል። ታላቅ ወንድሟ ፈቀደ ኮልፌ ባለው ሱቁ ስልክ ካስገባ ቆይቷል፤ ያለ ጉዳይ ግን ኮሌጅ ደውሎላት አያውቅም።

— ማን?... እሙ?... ከምን ወደቀች?... የስፌት መኪናውን ብቻዋን ተሸክማ? ምን ነካት ይቺ ልጅ!... እሺ እሺ፣ አልቆጣም። የትኛው እጇ?... ቀኙ። ከክርኗ በታች... ተሰብሯል። መቼ?... ትናንት? እና አትነግሩኝም?... የምን ፈተና! የኔ ፈተና ከእህቴ እጅ ይበልጣል?

— እትዬ ሸዋገነት፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ይታገሡኝ። ታናሽ እህቴ ወድቃ ነው።

እትዬ ሸዋገነት የማደሪያው ኃላፊ ናቸው፤ ስልኩም ያለው እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወሬ ሲረዝም በእስክሪብቶ ጠረጴዛውን ይመቱ ነበር። ያን ዕለት ግን ምንም ነገር በቦታው አልነበረም። የስድሳ ስድስት የካቲት ነው። ባለ ታክሲዎች አድመዋል፣ ተማሪውም ክፍል አልገባም ብሎ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ይዘምራል። የኮሌጁ በር ተቆልፎ ከውጭ ፖሊስ ቆሟል። ከተማሪ የወጣ አይመለስም ተብሏል። አልማዜ ግን ፈተናው ይኑር አይኑር ባይታወቅም፣ ሌሊቱን «ግራዝማች» ብለው ስም ካወጡለት የማስተማሪያ አጽም ጋር ተፋጥጣ የክንድ ጡንቻዎችን ስም ስትሸመድድ ነበር ያደረችው።

— እና ማን አየላት?... አባባ ቀጄላ። በሸምበቆ አስረው... ጠበቅ አድርገው... አውቃለሁ ፈቄ፣ የአባዬን እግር የጠገኑት እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ማን ነካ? እኔ የምጠይቅህ አሁን እንዴት ናት ነው... ሌሊቱን ሙሉ ስትጮህ አደረች... ከዚያስ?... ሊነጋ ሲል ሕመሙ ለቀቃት?

ፈቀደ የምሥራች መንገሩ ነበር። የአልማዜ ፊት ግን ደም እንደሌለው ሆነ።

— ፈቄ፣ ስማኝ። ገመዱ ጓዳ ድረስ ይደርሳል?... እንግዲያው ስልኩን እንዳትዘጋው፤ አስቀምጠውና ግባ። የሁለት እጆቿን ጣቶች ንካና አስተያይ። ከዚያ የታመመውን እጇን ጥፍር ጫን አድርገህ ልቀቀው፤ ቶሎ ይቀላ እንደሆነ እይ። ዓይኗን ትጨፍንና የትኛውን ጣቷን እንደነካህ ጠይቃት። ትሰማኛለህ?... ሂድ!

— ጫልቱ! ነይማ። ወደ ሆስፒታሉ በውስጥ በር ሩጪ። የአጥንት ሐኪሙን ፈልጊና፣ እሥር የጠበቀበት ስብራት እየመጣ ነው፣ ጣቶቹ ሳይደነዝዙ አልቀሩም በያቸው... ገና ነው፣ አልመጣም። ይመጣል! አንቺ ብቻ ሩጪ!

የክፍል ጓደኛዋ ጫልቱ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች በኮሪደሩ ሮጠች። አልማዜ የስልኩን ገመድ በጣቷ ላይ እየጠመጠመች ጠበቀች።

— እሺ፣ አለሁ... አብጠዋል... እንደ በረዶ ቀዝቅዘዋል... ጠቁረዋል። ስትነካትስ?... አንዱንም አታውቀውም?

— መቀስ አምጣ። የራሷን የጨርቅ መቀስ። እሥሩን ከላይ እስከ ታች ቁረጠው... ምን ማለት ነው አልችልም?... እሳቸውም እዚያው ናቸው? እማዬም አይፈታም አለች?... አዎ፣ ተማሪ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፣ ልሳሳት እችላለሁ። እኔ ብሳሳት አጥንቱ ይጣመማል፣ ስትወቅሱኝ ትኖራላችሁ። እናንተ ብትሳሳቱ ግን እሙ እጅ አይኖራትም... አትጩህብኝ ፈቄ፤ አባባ ቀጄላን አቅርብልኝ።

መዝሙሩ ከአዳራሹ ጎላ ብሎ መጣ። እትዬ ሸዋገነት ተነሥተው በሩን ዘጉላት።

— ጤና ይስጥልኝ አባባ፣ አልማዜ ነኝ። እንዴት አደሩ?... እግዚአብሔር ይመስገን... ኧረ እኔ እርስዎን? ምን ቆርጦኝ! ይቆጡኝ፣ ግን ይስሙኝ... እውነትዎን ነው፣ ከተፈታ አጥንቱ ቦታውን ይለቃል። ይልቀቅ አባባ። እጁ ካለ ኋላ ይቃናል... እርስዎ ሲያስሩት ልክ ነበር። ክንዱ ያበጠው ከታሰረ በኋላ ነው። እሥሩ ባለበት ቆመ፣ ሥጋው ግን አደገበት፤ ደም መሄጃ አጣ።

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

— አባባ፣ እዚህ እኛ ዘንድ ወዬሳ የሚባል ሸማኔ አለ። ክንዱ ተሰብሮ ታሰረለት። እሱም ሌሊቱን ሲጮህ አድሮ፣ ሲነጋ ሕመሙ ተወኝ አለ፤ ቤተሰቡ ደስ አላቸው። እዚህ ሲያደርሱት ክንዱ ሞቶ ነበር። ቆረጡት... ያሠረው ሰውማ ክፉ አልነበረም፤ አጎቱ ነው። ወዬሳን በአንድ እጅ ሸሚዝ መቆለፍ የማስተምረው እኔ ነኝ። ትናንት አንድ ቁልፍ ቆለፈና ሣቀልኝ። እኔ ወጥቼ አለቀስሁ... አባባ? አባባ ቀጄላ?... ሄሎ?

ከሱቁ ውስጥ የሰው እግር ኮቴ ተሰማ፣ ከዚያ የእናቷ ልቅሶ።

— ማን ነው?... ፈቄ! የት ሄዱ?... ወደ ጓዳ ገቡ? መቀሱን ማን ያዘ?... እሳቸው ራሳቸው? አንተም ግባና አግዛቸው! ሸምበቆውም ጨርቁም ይነሣ፣ ክንዷ ላይ ክር እንኳ እንዳይቀር። ማንም እንዳያሸው! ቅቤም እንዳይነካው!

ጠበቀች። እትዬ ሸዋገነት እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉ። ከኮልፌ፣ ከጓዳው ውስጥ፣ በስልኩ ሽቦ ሾልኮ የሰው ጩኸት መጣ፤ ረጅም፣ የሚሰቀጥጥ ጩኸት።

— እሷ ናት?... ፈቄ፣ እሙ ናት የጮኸችው?... ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!... አላበድኩም! ትጩህ፣ ተዋት፣ ደም ሲመለስ እኮ ነው የሚያማት! ጣቶቿስ?... አውራ ጣቷ ቀላ አለ... መሐሉም... ትንሿና የቀለበት ጣቷስ?... እንደነበሩ ናቸው... አላውቅም ፈቄ። አልዋሽህም፣ አላውቅም።

እነዚያ ሁለት ጣቶች ኋላም እንደ ድሮው አልሆኑም፤ ክንዷ ግን ተረፈ። እሙም እየተነጫነጨች፣ አልማዜም እየተቆጣቻት፣ ወራት ለፍተው መቀስ መያዝ መለሱላት። በዚያች ሰዓት ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

— አልጨረስንም፣ ስማኝ። አሁኑኑ ወደዚህ አምጣት... ታክሲ እንደሌለማ አውቃለሁ። ጋሪ ያዝ። በአውራ ጎዳናው አትምጡ፣ ድንጋይ ይወረወራል፤ በውስጥ በውስጡ ኑ። ክንዷን ትራስ ላይ፣ በልቧ ትክክል አድርጉላት፤ ወደ ታች እንዳይንጠለጠል... ማን? አባባ ቀጄላም ልምጣ አሉ? ይምጡ እንጂ! ክንዷን እሳቸው ይያዙላት፣ እጃቸው ከአንተ ይሻላል... እኔ መንገድ ላይ እቀበላችኋለሁ... በሩን ለኔ ተወው። በል ዝጋ። ዝጋና ሂድ!

ስልኩን አስቀመጠችና ነጭ ጋውኗን ከወንበሩ ላይ አነሣች።

— እትዬ፣ የወጣ አይመለስም መባሉን ሰምቻለሁ። ባልመለስም ልውጣ።

እትዬ ሸዋገነት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የበሩን ቁልፍ ከመሳቢያው አውጥተው፣ ከፊቷ ቀደሙ።